ኤር ባግና ስታብላይዘር አብረው ይሄዳሉ?

ሰላም ወንድሜ። «ለፒካፔ ከኋላ ኤር ባግ አስገጥሜያለሁ፤ ጤፍ ጭኜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ግን ሀረጎ ዳገት ላይ አሁንም ያጋድላል። ስታብላይዘር ባር ብጨምር ይጋጫሉ?» ብለሃል። አብሽር፣ አይጋጩም። ኤር ባጉ፣ ማለትም በአየር የሚነፋው የጎማ ከረጢት፣ ባሌስትራውን ያግዛል፣ በጭነት የወረደውን ኋላ ቀና ያደርጋል። ስታብላይዘሩ ክብደት አይሸከምም፤ ግራና ቀኙን አያይዞ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይተኛ ይይዘዋል።

ከመግዛትህ በፊት ግን ሥር ግባና የአየር ቱቦውን እይ። ሁለቱ ከረጢቶች በአንድ ቱቦ ከተገናኙ፣ ኩርባ ላይ የተጫነው ጎን አየሩን ወደ ሌላው ይገፋዋል። ማጋደሉ ይብሳል! ለየብቻ መንፊያ ቫልቭ ይኑራቸው። እኔ ይህን ብቻ ለይቼ ልዩነቱ መሪው ላይ ተሰምቶኛል።

ስታብላይዘሩ ሲገጠም ብሎኖቹ መጨረሻ የሚጠብቁት ጎማው መሬት ይዞ ነው፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ አይሁን። ብረቱ ከረጢቱን እንዳይነካም አደራ። ከረጢቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የመፋቅ ምልክት ካየህ ሳይቀደድ አስተካክለው። ባዶ ስትነዳም ከረጢቱን ጨርሰህ አታስተንፍሰው፣ 5 ፒኤስአይ ያህል የአየር ግፊት ተውለት።

ደግሞ ኋላው ቀና አለ ብለህ ኩንታል አትጨምር። ፍሬኑና አክስሉ ያው የድሮዎቹ ናቸው፣ ሀረጎን መውረድም አለ።