ከመጠለያ ስወጣስ ወዴት ልሂድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። በኒካህ ከተጋባን 9 ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ ወንድ ነው፣ 8 ዓመቱ። ባሌ ይመታኛል። ሁለት ጊዜ እናቴ ቤት ሄጄ ሽማግሌ እየተላከ ተመልሻለሁ። ባለፈው ወር ክንዴን ሰበረኝ። ሐኪሙን ግን ደረጃ ላይ ወድቄ ነው አልኩት። አንዲት ጎረቤቴ ከባላቸው ዱላ የሸሹ ሴቶች የሚያርፉበት መጠለያ የሚባል ነገር እንዳለ ነገረችኝ። ሌሎቹ ደግሞ ከገባሽ ቤቱን ለቀሽ እንደሄድሽ ይቆጠራል፣ ልጆቹንም ይወስዳቸዋል ይሉኛል። ደግሞስ ዕድሜ ልኬን አልኖርበት፣ ስወጣ ወዴት ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ክንድሽ። ካርድሽ ላይ «ወደቀች» ተብሎ መጻፉ በሩን አይዘጋብሽም። ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያዩትን ጠይቂና እውነቱን ንገሪ። እነሱ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ሐኪሙም ያየውን ጉዳት የሕክምና ማስረጃ አድርጎ ይመልሳል። የዛን ቀን ለምን እንደዋሸሽም ተናገሪ። ፈርተሽ ነው፣ በቃ። በትዳር ጓደኛ ላይ ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 564 በስሙ ተጠቅሶ ወንጀል ሆኗል። ሽማግሌ ያስታረቀው የቤት ጠብ ነው ብሎ የሚመልስሽ ካጋጠመሽ ይህን ቁጥር ንገሪው።

መጠለያ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በደብዳቤ ነው። ከፖሊስ ወይም ከሴቶች ጉዳይ ቢሮ ያመጣሽውን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ወይም እነሱ ራሳቸው ያደርሱሻል። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ባጃጁም ነጋዴውም ይተዋወቃል። እዚህ መቆየቱ የሚያስፈራሽ ከሆነ ሌላ ከተማ እንዲልኩሽ ጠይቂ። ለምሳሌ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በሀዋሳ መጠለያ አለው። ውስጥ ምግብና አልጋ አለ፣ ሕክምና አለ፣ የሚያማክርሽ ሰው አለ፣ የሕግ ድጋፍና የሙያ ሥልጠናም ይሰጣሉ። ጥብቅ ደንብም አለው። ቦታው ሚስጥር ስለሆነ ስልክና መውጣት መግባት እንደፈለግሽ አይሆንም፣ ይሄ እስር ቤት የገቡ ያህል የሚከብዳቸው ሴቶች አሉ፣ ቀድመሽ እንድታውቂው ነው። ስለ ትልቁ ልጅሽ ከመግባትሽ በፊት ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ ከፍ ያለ ወንድ ልጅ አይቀበሉም።

አሁን ወደ ቤቱ። «ለቀሽ ሄድሽ፣ ቀረብሽ» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። በጋብቻ ውስጥ ያፈራችሁት በሱ ስም ቢሆንም የጋራችሁ ነው፣ ቤቱንም ያላንቺ ፈቃድ መሸጥ አይችልም። የፍቺ ማመልከቻ ስታስገቢ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ መስጠት አለበት። አንዳችሁ ከቤቱ እንድትወጡ ማዘዝም ይችላል፣ ያኔ የሚያየው የልጆቹን ጥቅምና የሁለታችሁን ሁኔታ ነው። ስለዚህ መጠለያው ገብተሽም ቢሆን ቤቱን ጠይቂ። ብዙ ሴቶች ነፍሳቸው ከተረፈ በቃ ብለው ዝም ይላሉ፣ እኔን እንደዚህ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም። ልጆቹም ማን ጋ ይሁኑ የሚባለው ለነሱ በሚበጀው ነው፣ ማን ቀድሞ ከቤት ወጣ በሚለው አይደለም።

ኒካህ ስላሰራችሁ አንድ ነገር ልብ በይ። ጋብቻሽ በሕግ የጸና ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳያችሁን የሚያየው ግን ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ብቻ ነው። ካልፈለግሽ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሁንልኝ ማለት መብትሽ ነው። ብቻ መጥሪያ ከደረሰሽ እንዳትቀሪ! በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። መጠለያ ውስጥ ካለሽም መጥሪያው እናትሽ ቤት ሊሄድ ይችላልና የሚያደርስልሽ ሰው ይኑር።

ስትወጪስ? እዚህ ላይ ነው እኔም የሚጨንቀኝ። መጠለያ የወራት ነገር ነው። አንዳንዱ ሲያስወጣሽ ለመነሻ የሚሆን ትንሽ ገንዘብና የሥራ ዕቃ ይሰጥሻል፣ ቤት ግን ራስሽ ነሽ የምትፈልጊው። ከመጠለያ ወጥታ ደቻቱ አካባቢ የተከራየች አንዲት ሴት ቤት ሄጄ ነበር። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ምንጣፍ፣ ከሰል ምድጃ፣ በአንድ ማዳበሪያ የታሰረ ልብስ። ድሬ ላይ በሙቀቱ ወራት ሰው ፍራሹን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ይተኛል። እሷ ግን ብቻዋን ስለሆነች ደፍራ አትወጣም፣ በሩን ቆልፋ ልጇን እርጥብ ጨርቅ እያለበሰች ታነጋለች። እንዲህ ከሆነማ ወደ ባሌ ልመለስ ብላ ሦስት ጊዜ ሻንጣዋን አንስታለች። ያስቀራት አብራት መጠለያ የነበረች ሴት መጥታ አብረው መኖራቸው ነው። አሁን ኪራዩን ይካፈላሉ፣ አንዷ ከፊራ ገበያ ስትነግድ ሌላዋ ልጆቹን ትይዛለች፣ ማታ ማታም ሁለቱም ውጭ ይተኛሉ።

ስለዚህ የመውጫሽን ነገር ገና የገባሽ ዕለት አንሺው። ስንት ወር እቆያለሁ? ሥልጠናው ስወጣ ያሠራኛል? ከዚህ ማን ጋር ልከራይ እችላለሁ? ቀለቡም እስከዚያ እንዲወሰንልሽ የሕግ ባለሙያውን ጎትጉቺው።

ዛሬ ግን ይሄን አድርጊ። መታወቂያሽን፣ የኒካህ ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደትና የክትባት ካርድ፣ የቤቱን ካርታ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ የምታምኛት ሴት ጋ አስቀምጪ። እናትሽ ጋ አይሁን፣ መጀመሪያ የሚፈትሸው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ክፍል አከራያለሁ። ባሏን ሸሽታ መጠለያ የነበረች ልጅ ከነልጇ ልከራይ አለችኝ። አሳዘነችኝ፣ ግን ሰውዬው መጥቶ ግቢዬን ቢረብሽስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ብዙ አከራይ «ባልሽ የታለ?» ብሎ ይመልሳታል፣ እርስዎ ግን መጠየቅዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰውዬው እንዴት እንደሚያስፈራ እሷ ታውቃለችና ቁጭ ብለው ይጠይቋት፣ መልኩንም ታሳይዎት። የፖሊስ ጣቢያውን ስልክ ይያዙ። ቢመጣ አይክፈቱለት፣ አይከራከሩት፣ ይደውሉ። ከየት እንደመጣች ለጎረቤት አይንገሩ፣ ቡና ላይም ቢሆን። ውሉን በጽሑፍ በስሟ ያድርጉላት፣ ፍርድ ቤት የምትኖርበትን ማሳየት ሊያስፈልጋት ይችላል። ቅድሚያ ክፍያውን የአንድ ወር ብቻ ቢያደርጉላት፣ ሌላው አከራይ የብዙ ወር ሲጠይቃት ያጣችውን ቤት አገኘች ማለት ነው። የክፍሏ በር ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ ከሌለው ደግሞ ከመግባቷ በፊት ያስገጥሙላት።