ዙኦሎጂ ተምራችሁ አሜሪካ ለገባችሁ፦ ትራንስክሪፕቱን ከሻንጣ አውጡት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደወለልኝ። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። አገር ቤት ባዮሎጂ ተምሮ፣ ማስተርሱን በዙኦሎጂ (በእንስሳት ጥናት) ይዞ ነው የመጣው። አሁን ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሣል። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይቺ ትምህርት እዚህ አገር እንጀራ ታበላለች?» አለኝ።

ታበላለች። እኔን እስካሁን አብልታኛለች። ግን ቀጣሪው የሚያየው የዲግሪውን ስም ሳይሆን ውስጡ ያሉትን ኮርሶችና እጃችሁ የሠራውን ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ከእንስሳት ሐኪም ጋር ያምታታናል። እኛ አናክምም። እንቆጥራለን፣ እንከታተላለን፣ ለምን እንደበዙ ወይም ለምን እንዳለቁ እንመረምራለን። አንዱን ቀን ላሳያችሁ። ገና ሳይነጋ ጤዛ እየረገጣችሁ የአልሙኒየም የአይጥ ወጥመዶቹን አንድ በአንድ ትከፍታላችሁ። ማታ ውስጣቸው አጃና የለውዝ ቅቤ አድርጋችኋል፣ ብርዱ እንዳይገድላት ደግሞ ጥጥ። አይጧን ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ ትመዝናላችሁ፣ ጆሮዋ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ትለቃላችሁ። 40 ምልክት አድርጋችሁ ለቀቃችሁ እንበል። በሌላ ቀን 50 ስትይዙ 10ሩ ምልክት አላቸው። ከአምስት አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ እነዚያ 40ዎቹም የጠቅላላው አንድ አምስተኛ ናቸው፤ ቦታው ላይ ወደ 200 አይጥ አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከባዱ በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ መነሣቱ ነው።

አሁን ወደ ትራንስክሪፕቱ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የዱር እንስሳት ባዮሎጂስት ሲቀጥር (የሥራ መደቡ ቁጥር 0486 ነው) ከዲግሪው ሌላ ክሬዲት ይቆጥራል። ቢያንስ 9 ክሬዲት በዱር እንስሳት፣ 12 በዙኦሎጂ፣ 9 ደግሞ በዕፅዋት። አዎ፣ በዕፅዋት! እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። ልምድ ነበረኝ፣ ማስተርስ ነበረኝ፣ የዕፅዋት ኮርስ ግን አንድ ይጎድለኝ ነበር። ማመልከቻዬ ሰው ፊት ሳይደርስ ተመለሰ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ማታ ማታ ሞላሁት። ስለዚህ ያገር ቤት ዲግሪያችሁን ከአሜሪካው ጋር የሚያመዛዝን ድርጅት ዘንድ ስታስገመግሙ ርካሹን ግምገማ አትምረጡ። ርካሹ «ባችለር አለው» ብሎ ብቻ ያልፋል። ኮርስ በኮርስ፣ ከነክሬዲቱ የሚዘረዝረውን አሠሩ።

የፌዴራል ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁ ግን የክልል መንግሥታት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ መካነ እንስሳትና የአካባቢ ጥናት ኩባንያዎች አሉ።

መግቢያው የወቅት ሥራ ነው። ሥራው በብዛት ከአሜሪካው ጸደይ እስከ በጋ (ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ገደማ) ነው፤ ማስታወቂያው ግን ቀደም ብሎ በብርዱ ወራት ነው የሚወጣው። ግንቦት ላይ መፈለግ የጀመረ ዘግይቷል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣውን የሥራ ሰሌዳ በየቀኑ እዩት፤ የሙያው ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚያየው። መንጃ ፈቃድ የግድ ነው። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አልሸነግላችሁም። ቤተሰብ ላለው ሰው ይከብዳል። ብዙዎቹ ማደሪያ ስለሚሰጡ ግን ነጠላ የሆነ ሰው አንድ ሁለት ወቅት ሊችለው ይችላል።

ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ልቀጥል ካላችሁ አደራ፣ ከኪሳችሁ አትክፈሉ፣ ብድርም አትግቡ። በዚህ ሙያ ደህናው ቦታ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ደሞዝ የሚከፍላችሁ ነው። መጀመሪያ ፕሮፌሰሩን ፈልጋችሁ ጻፉለት፤ ማመልከቻው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ልጆቻችን አገር ቤት የሠሩትን ሲቪያቸው ላይ አይጽፉትም። ባሌ ሳነቴ ላይ በውርጭ ቆማችሁ ቀይ ቀበሮ ከቆጠራችሁ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው! በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው። በአካባቢው ካሉ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ መንጋውን እንዴት እንደሚጨርሰው በዓይናችሁ አይታችኋል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭላዳን ለማጥናት ከዚህ ተነሥተው ሰሜን ተራሮች ድረስ ሄደዋል። እናንተ ከዚያ መጥታችሁ ትደብቁታላችሁ? ስንት ወር እንደቆያችሁ፣ በእግር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ፣ ምን መሣሪያ እንደያዛችሁ በቁጥር ጻፉት።

ያ ልጅ በማግስቱ ትራንስክሪፕቱን በቴሌግራም ላከልኝ። ስልክ ላይ ሆነን አብረን ቆጠርነው። ዙኦሎጂው ሞልቶ ተርፏል። ዕፅዋቱ ላይ እሱም እንደኔው አንድ ኮርስ ይጎድለዋል። ሰፈሩ ያለው ኮሌጅ ማታ ይሰጠዋል፤ ለመጪው ሴሚስተር ተመዝግቧል።