«ልጄ መጫወት አቁሞ አሠልጣኝ ልሁን ይለኛል»

የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣

የምኖረው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው። የ22 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ይዤው የመጣሁት በሕፃንነቱ ነው። እኛ የማናውቀውን፣ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበትን ክሪኬት፣ እዚህ ትምህርት ቤት ለመደና ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ሆነ። ከክለብ ትንሽ ክፍያ ማግኘት ሲጀምር ፕሮፌሽናል እሆናለሁ ብሎ ዩኒቨርሲቲውን አቋረጠ። አምና የወገቡ አጥንት ተሰነጠቀ። ታክሞ ተመለሰ፣ እንደገና አመመው። አሁን ሐኪሙ ውርወራውን ተው ብሎታል።

ክለቡ ደግሞ ከ14 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች አሠልጥንልን አለው። እሱ በጣም ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ራሱ ያልደረሰበትን ሌላውን እንዴት ያደርሳል? ትምህርቱን ጨርሶ እንጀራውን ቢያስብ አይሻልም? ይህን ስለው ያኮርፋል። ምን ላድርግ?

ያሳሰባት እናት

እህቴ፣ ሰላም ለእርስዎ።

የእንጀራው ነገር ልክ ነዎት፣ እመለስበታለሁ። «ራሱ ያልደረሰበትን» ባሉት ግን አልስማማም።

ዴኒስ ሊሊ የሚባል የፐርዝ ሰው አለ። አውስትራሊያ ካፈራቻቸው ታላላቅ ፈጣን ወርዋሪዎች አንዱ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1973፣ በ23 ዓመቱ፣ ካሪቢያን ለጨዋታ ሄዶ የወገቡ አጥንት ተሰነጠቀ። ሰውነቱ በጄሶ ታስሮ ሳምንታት ቆየ። ተመልሶም እስከ 1984 ተጫወተና በ70 የቴስት ግጥሚያዎች (በአገሮች መካከል ለቀናት የሚካሄዱ ትልልቅ ጨዋታዎች ናቸው) 355 መቺዎችን ከሜዳ አስወጣ። የእርስዎም ልጅ እንዲህ ይመለሳል እያልኩ አይደለም። ሐኪሙ ያለውን ይስማ። እኔ የምፈልገው ሊሊ መጫወት ካቆመ በኋላ የሠራውን ነው።

በ1987 ሕንድ ውስጥ፣ ያኔ ማድራስ በምትባለው ቼናይ፣ የፈጣን ወርዋሪዎች ማሠልጠኛ ሲከፈት የተጠራው እሱ ነበር። እስከ 2012 ድረስ እዚያ ሠራ። እንደ ዛሂር ካን ያሉ የሕንድ ብሔራዊ ቡድን ወርዋሪዎች በዚያ አልፈዋል። ገና እንደተከፈተ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ፈጣን ወርዋሪ ልሁን ብሎ መጣ። ሊሊ አየውና «መምታትህ ላይ አተኩር» ብሎ መከረው። ልጁ በኋላ ከክሪኬት ታላላቅ መቺዎች አንዱ የሆነው ሳቺን ቴንዱልካር ነበር፤ በቴስት ክሪኬት 15,921 ነጥብ አስመዝግቦ ጨረሰ። አሠልጣኝነት ለእኔ ይህ ነው። ሰውየው የራሱን ሙያ ለልጁ ሊያወርስ አልሞከረም፣ ልጁን ነው ያየው።

«ሊሊ እኮ ትልቅ ተጫዋች ነበር» ይሉኝ ይሆናል። እንግዲያው ጆን ቡካናን አለ። በከፍተኛው የአገር ውስጥ ደረጃ ለአውስትራሊያዋ ክፍለ ግዛት ለኩዊንስላንድ የተጫወተው 7 ጊዜ ብቻ ነው። አሠልጣኝ ሲሆን ግን ኩዊንስላንድ ለ70 ዓመት ገደማ ስትመኘው የኖረችውን የሼፊልድ ሺልድን፣ ማለትም የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛቶች የሚፎካከሩበትን ዋንጫ፣ በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳች። በ2003 እና በ2007 ደግሞ አውስትራሊያን ይዞ የዓለም ዋንጫ በላ።

የእርስዎ ልጅ ሌላም ነገር አለው። የወገብ አጥንት መሰንጠቅ በታዳጊ ፈጣን ወርዋሪዎች ላይ በብዛት የሚታይ ጉዳት ነው። አጥንታቸው ሳይጠነክር ብዙ ይወረውራሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ለየዕድሜው የውርወራ ገደብ የወጣውም ለዚህ ነው። ግን ገደብ በወረቀት አንድ ነገር ነው፤ ዋንጫ ሲቃረብና ጎበዙ ልጅ «ደህና ነኝ፣ ልወርውር» ሲል ሌላ ነው። ያን ጊዜ የልጁን ፊት አይቶ «በቃህ፣ ውጣ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ሕመሙን በራሱ ወገብ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይነቃል። ለዚህ ሥራ እሱን መጠየቃቸው እኔን አስደስቶኛል።

አሁን ወደ እንጀራው። ታዳጊዎችን ማሠልጠን ብዙ ጊዜ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሠራ ነው፤ ወቅቱም የበጋው ጥቂት ወራት ብቻ። የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ ይህን በግልጽ ይንገሩት። ነገር ግን ልምምዱ ከሥራ ሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ከትምህርት ጋር ይሄዳል። «ወይ ይህ፣ ወይ ያ» አይበሉት፣ የሚያኮርፈው ለዚህ ይመስለኛል። «አሠልጥን፣ ግን ዩኒቨርሲቲ ተመለስ» ይበሉት። ፊዚዮቴራፒ ወይም ስፖርት ሳይንስ ቢማር ደግሞ ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

በቪክቶሪያ ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከወዲሁ ያውጣ። እሺ ከማለቱ በፊትም ክለቡን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ክፍያ አለው ወይ? የአሠልጣኝነት ኮርሱን ማን ይከፍላል? የታመመ ልጅን ከጨዋታ የማስወጣት ሥልጣንስ የማን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ «የአንተ» ካላሉት ሌላ ክለብ ይፈልግ።