አዲሱ ሪቮልቨር ለምን አልሠራ ይላል? ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች አዲስ ስለገዛችሁት ሪቮልቨር (ባለ ተሽከርካሪ ጎራሽ ሽጉጥ) የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ሲሊንደሩ (ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል) ተከፍቶ የጥይት ጉድጓዶቹ በዓይንም በጣትም ይፈተሹ፤ ጥይቱም ሌላ ክፍል ይቀመጥ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ጋሼ፣ አዲሱ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጤ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ጥቂት እንደተኮስኩ ግን ሲሊንደሩ መዞር ከበደው፤ ምላጩም ደረቀ። ልመልሰው?

አትቸኩል ወንድሜ። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ሲሊንደሩ ለመከፈትም ያስቸግራል? ካስቸገረ የቀለህ ማስወጫው ዘንግ ላልቶ ይሆናል። ዘንጉ ሲላላ ይረዝምና ከአፈሙዙ በታች ካለው መቆለፊያ ጋር ይጣበቃል። በዘመናዊዎቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች የዘንጉ የብሎን ጥርስ ግራ ዞር ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ብዙ ሰው እያጠበቀ መስሎት ይብሱን ያላላዋል። ከማጥበቅህ በፊት በጉድጓዶቹ ውስጥ ባዶ ቀለሆች ክተት፤ ኮከብ መሳዩን ማስወጫ ከመጣመም ያድኑታል።

በቀላሉ የሚከፈት ከሆነ ኮከቡን ወደ ኋላ ገፍተህ ከሥሩ ተመልከት። ያልተቃጠለ አንዲት የባሩድ ቅንጣት እዚያ ከገባች ሲሊንደሩን ለመያዝ ትበቃለች። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረገው፤ ዘይት ግን አታድርግበት፣ ባሩድ ይሰበስባል። ከእንግዲህ ቀለህ ስታስወጣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገህ ዘንጉን በአንድ ጊዜ በኃይል ምታው፤ ቅንጣቶቹ ከቀለሆቹ ጋር ይወድቃሉ።

የእኔ ሲሊንደር አልዞር የሚለው ሽጉጡ ሲግል ብቻ ነው፤ ሲበርድ ይለቃል።

በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ ሊሆን ይችላል። 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ መልካም ነው፤ በጣም ሲጠብ ብረቱ በሙቀት ሲሰፋ ይነካካል። ይህ የፋብሪካው ሥራ ነው።

ምላጩን ስስብ "ቀጭ" ብሎ ጥይቱ ሳይተኩስ ይቀራል።

እህቴ፣ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሺ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቂ፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። ከዚያ ጥይቱን አውጥተሽ ከኋላው ያለውን የመርፌውን (ጥይቱን የሚመታውን ሹል ብረት) ምልክት እዪ። ጠባሳው ጥልቅ ከሆነ ጥይቱን ጠርጥሪ። ጥልቀት ከሌለው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ጥይት ሞክሪ፤ ካልተሻለ ምቱ ደክሟል። በአንዳንድ ሞዴሎች በእጀታው ፊት በኩል ለምቱ ኃይል የሚሰጠውን ስፕሪንግ የምትወጥር ብሎን አለች፤ እስከ መጨረሻው መጥበቅ አለባት። ድምፁ ከወትሮው ደክሞ ከተሰማሽ ግን ወዲያው አቁሚ! የጥይቱ እርሳስ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ቀጣዩን ጥይት ብትተኩሺ ሽጉጡ እጅሽ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ስፕሪንጉን ትንሽ ብቆርጠው ምላጩ አይለሰልስም?

ይለሰልሳል፤ ምቱም አብሮ ይደክማል፤ ዋስትናውም ሊቀር ይችላል። አይነካ።

ለፋብሪካው ራሴ መላክ እችላለሁ?

የፌዴራል ሕጉ ለጥገና በቀጥታ ለአምራቹ መላክን ይፈቅዳል፤ ተጠግኖም በቀጥታ ወደ አንተ ሊመለስ ይችላል። አስቀድመህ ደውልላቸውና በየትኛው አጓጓዥ እንደምትልክ ጠይቅ። ጥይት አብሮ አይላክም። ከሽጉጡ ጋር ችግሩ መቼ እንደሚከሰትና የተጠቀምክበትን የጥይት ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት አኑር፤ "አይሠራም" ብቻ ተብሎ የተላከ ሽጉጥ ሳይጠገን የሚመለስበት ጊዜ አለ።