ናሙናህን ከመላክህ በፊት ዝርዝሩን ጠይቅ

«የቲማቲሜ ቅጠል እየተጠቀለለ ነው፣ አፈሩንም ፍሬውንም ለአረም ማጥፊያ ቅሪት እንዴት ላስመርምር?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔ በዚሁ ጣጣ የሁለት ወቅት ምርት አጥቻለሁ። አንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፍልህ።

1. «አጠቃላይ የፀረ ተባይ ምርመራ» የሚሉትን ብቻ አትዘዝ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። በመቶ የሚቆጠር ኬሚካል በአንዴ ያያል ሲሉኝ ሁሉንም የሚያይ መሰለኝ። ውጤቱ «አልተገኘም» ብሎ መጣ። ደስ ብሎኝ እዚያው መደብ ላይ ደግሜ ተከልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አዲሶቹ ቅጠሎች እንደ ማንኪያ ጎበጡ፣ ቀንበጡም እንደ ሽቦ ተጠማዘዘ። ቫይረስ ነው ያሉኝም ነበሩ። ላቦራቶሪው ሄጄ «የትኞቹን ነው የፈተሻችሁት?» ስል መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ወረቀቱ ላይ አለ» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የለም! ሦስቴ ተመላልሼ ነው ዝርዝሩን ያገኘሁት። አሚኖፒራሊድ የለ፣ ክሎፒራሊድ የለ፣ ግላይፎሴትም የለ፤ ሦስቱም አረም ማጥፊያ ናቸው። ያልተፈለገ ነገር ከየት ይገኛል? በተለይ ግላይፎሴት በውሃ እንጂ ላቦራቶሪው ኬሚካሉን ከናሙናው በሚያወጣበት በተለመደው ፈሳሽ በደንብ ስለማይወጣ የራሱ ምርመራ አለው፣ ለብቻው ነው የሚታዘዘው። ስለዚህ ሳትከፍል በፊት ዝርዝሩንና መሣሪያው የሚያነበውን ዝቅተኛ መጠን በጽሑፍ ተቀበል። «አልተገኘም» ማለት ከዚያ መጠን በላይ አላየንም ማለት ነው፣ ዜሮ ነው ማለት አይደለም። አሚኖፒራሊድ ደግሞ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ሆኖም ቲማቲምን ያበላሻል።

2. ፍግ ወይም ድርቆሽ ጨምረሃል? የኔ የመጣው ከፍጉ ነው። አሚኖፒራሊድ የተረጨበትን ሣር ከብቱ በልቶት መድኃኒቱ በሆዱ ቢያልፍም፣ ፍጉ ኮምፖስት ቢደረግም ቶሎ አይጠፋም። ይህን ያረጋገጥኩት በቦሎቄ ነው። በ3 የችግኝ ፕላስቲክ የተጠረጠረውን አፈር፣ በሌላ 3 ንጹሕ አፈር ሞልቼ ዘራሁ፣ ውሃው እንዳይቀላቀል አራርቄ አስቀመጥኩ። በ3 ሳምንት የንጹሑ ሦስቱም ቀጥ ብለው አደጉ፣ የኔዎቹ ሦስቱም ቅጠላቸው ተጨማደደ። ፎቶውን ይዤ ተመልሼ አሚኖፒራሊድን በስሙ ጠርቼ አዘዝኩ፤ ተገኘ። ባለሙያዎቹ ያላዩትን በቦሎቄ በማየቴ ዛሬም ኩራት ይሰማኛል። ግን ልብ በል፣ ግላይፎሴት ከአፈር ጋር ጥብቅ ብሎ ስለሚያዝ በቦሎቄ አይታወቅም።

3. ናሙናውን ከአንድ ጉድጓድ አትውሰድ። ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወስደህ ቀላቅል። ፀሐይ ላይ አታድርቀው፣ በቅዝቃዜ ላከው። ፍሬውን ደግሞ እንዳታጥበው! ቢያንስ 10 ፍሬ ይሁን፣ ከ1 ኪሎም አይነስ። ለግላይፎሴት ከሆነ በፕላስቲክ ዕቃ ላከው፣ ብርጭቆ ላይ ይጣበቃል። ግማሹን ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ አስቀር። እኔ ባለማስቀረቴ ሁሉንም ከዜሮ ጀመርኩ።

4. በደቂቃ ውጤት የሚሰጡ የኢንዛይም ካርዶችን ለዚህ አትግዛ። እነሱ የሚይዙት ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉትን የነፍሳት መድኃኒቶች ነው። አረም ማጥፊያ ቢኖርም «ንጹሕ» ይሉሃል።

ለመሆኑ ፍጉን ከየት አመጣኸው? የሰጠህን ሰው ምን እንደረጨ ዛሬውኑ ጠይቀው። የላቦራቶሪው ዝርዝር ሲደርስህ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።