ርቀትና ጊዜ በእንግሊዝኛ ሲወዳደሩ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ በእንግሊዝኛ በጻፍኩት ድርሰት ውስጥ «ወንድሜ ከእኔ የበለጠ ተጓዘ» ለማለት «ማይ ብራዘር ዎክድ ሎንገር ዛን ሚ» ብዬ ነበር። መምህሬ የተናገርኩት ስለ ኪሎ ሜትር መሆኑን ከድርሰቱ ስለተረዱ «ሎንገር» የሚለውን ሰርዘው «ፋርዘር» ብለው አረሙት። እዚያው ገጽ ላይ «የእሱ መንገድ ከእኔ መንገድ ይረዝማል» ለማለት የተጠቀምኩበትን «ሎንገር» ግን ሳይነኩት አለፉ። አንድ ቃል አንዴ ስሕተት፣ አንዴ ትክክል የሚሆነው እንዴት ነው?

መልስ፦ መምህርዎ በሁለቱም ቦታ ትክክል ናቸው። ልዩነቱ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በያዘው ሥራ ላይ ነው። «ሎንግ» ቅጽል ሆኖ ስምን ሲገልጽ ርቀትንም ጊዜንም ይለካል፤ ረዥም መንገድም ረዥም ስብሰባም በእርሱ ይነገራል። ተውሳከ ግሥ ሆኖ ግሥን ሲገልጽ ግን የጊዜ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ «ዎክድ ሎንገር» ያለ ሰው ወንድምዎ ብዙ ሰዓት መጓዙን ተናገረ እንጂ ብዙ ኪሎ ሜትር መሄዱን አልተናገረም። ርቀቱን ለመናገር «ፋርዘር» ያስፈልጋል።

ሁለት ሯጮችን እንውሰድ። አንደኛው በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 30 ኪሎ ሜትር ሮጦ ቢያቆምና ሁለተኛው 3 ሰዓት ሙሉ ሮጦ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሸፍን፣ «የበለጠ የሮጠው ማን ነው?» ተብሎ በአማርኛ የተጠየቀ ሰው «በኪሎ ሜትር ነው በሰዓት?» ብሎ መልሶ መጠየቁ አይቀርም። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ራን ፋርዘር»፣ ሁለተኛው «ራን ሎንገር» ስለሚባል መለኪያው ገና ከአፍ ሲወጣ ይታወቃል። በእኔ እምነት በዚህ ርእስ ላይ ተማሪዎቻችን የሚሠሯቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ይኸውም አማርኛ ለሰሚው ግንዛቤ የሚተወውን እንግሊዝኛ በቃል እንዲነገርለት ስለሚፈልግ ነው። የሚለካው ርቀት ነው ወይስ ጊዜ? ልኬቱ የሚነሣው ከየት ነው? የሚወዳደረውስ ከምን ጋር ነው?

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያደናግረው የመነሻውና የመወዳደሪያው መደባለቅ ነው፤ ምክንያቱም «ከ» የምትለው መስተዋድዳችን ሁለቱንም ትሸከማለች። «ቤተ መጻሕፍቱ ከጣቢያው ይርቃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጣቢያውና በቤተ መጻሕፍቱ መካከል ብዙ መንገድ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ አሁን ካለንበት ስንለካ ጣቢያው ቀረብ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ራቅ ይላል ማለት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ሐሳብ እንግሊዝኛ በ«ፍሮም» ይገልጸዋል፤ «ፋር ፍሮም ዘ ስቴሽን» ይላል። ሁለተኛውን በ«ዛን» ይገልጸዋል፤ «ፋርዘር ዛን ዘ ስቴሽን» ይላል። ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ይዘው ይቆማሉ፦ «ዘ ላይብረሪ ኢዝ ፋርዘር ፍሮም ሂር ዛን ዘ ስቴሽን»። ተማሪው በ«ዛን» ፈንታ «ፋርዘር ፍሮም ዘ ስቴሽን» ብሎ ቢያቆም፣ አንባቢው ጣቢያውን እንደ መነሻ ይወስደውና መወዳደሪያው እስኪነገረው ይጠብቃል።

«በጣም» የሚለው ቃላችንም እንዲሁ ያሳስታል። እኛ «በጣም ይርቃል» ስንል ለተራ ርቀትም ለማወዳደሪያም ያገለግለናል። በእንግሊዝኛ «ቬሪ» ከ«ፋር» ጋር ይሄዳል፤ ከ«ፋርዘር» ጋር ግን ፈጽሞ አይሄድም፤ በእርሱ ፈንታ «መች ፋርዘር» ይባላል። ማወዳደሪያው በቃሉ ውስጥ ስላለም «ሞር ፋርዘር» ማለት ድግግሞሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ፋር» እና «ሎንግ» ብቻቸውን ሲሆኑ በጥያቄና በአሉታ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይመቻቸዋል፤ በአዎንታ ግን የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኤ ሎንግ ዌይ» እና «ኤ ሎንግ ታይም» ማለትን ይመርጣሉ። «ሂ ዲድንት ስቴይ ሎንግ» የተለመደ ነው፤ «ሂ ስቴይድ ሎንግ» ግን ለጆሮ ይከብዳል። የሚገርመው ቃላቱ የማወዳደሪያ መልክ ሲይዙ ይህ ገደብ ይነሣላቸውና «ሂ ስቴይድ ሎንገር» ያለ አንዳች ችግር ይባላል።

ጥያቄ፦ «ከሁለት ቀን በፊት» ለማለት አንዳንዴ «አጎ»፣ አንዳንዴ «ቢፎር»፣ አንዳንዴም «ኧርሊየር» ሲባል እሰማለሁ። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ልዩነቱም ልኬቱ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። «አጎ» መነሻው ሁልጊዜ ተናጋሪው የሚናገርበት ጊዜ ነው። «ቢፎር» እና «ኧርሊየር» በአንጻሩ በታሪኩ ውስጥ ከተጠቀሰ ከሌላ ጊዜ ተነሥተው ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ወደ ፊት ሲቆጠርም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ «ኢን ቱ ዴይዝ» ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ቀን ሲሆን፣ «ቱ ዴይዝ ሌተር» በትረካው ውስጥ ከተጠቀሰ ከሌላ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚቆጠር ነው።

ርቀትና ጊዜ አብረው የሚወዳደሩበት ጥሩ ምሳሌ የሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮች ጉዞ ነው። ቮየጀር 2 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 20 ቀን 1977፣ ቮየጀር 1 ደግሞ መስከረም 5 ቀን 1977 ተወነጨፉ። ዘግይታ የተነሣችው ቮየጀር 1 በፈጣኑ መንገድ ስለተጓዘች ጁፒተር አጠገብ የደረሰችው በመጋቢት 1979 ሲሆን፣ ቮየጀር 2 የደረሰችው በሐምሌ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ሲነገር «ቮየጀር ዋን ሌፍት ሲክስቲን ዴይዝ ሌተር ዛን ቮየጀር ቱ፣ በት ሪችድ ጁፒተር ፎር መንዝስ ኧርሊየር» ይሆናል። ዛሬ ከሁለቱ ከመሬት ይበልጥ የራቀችው ቮየጀር 1 ስለሆነች «ኢት ሃዝ ትራቨልድ ፋርዘር» ይባልላታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ «ሲክስቲን ዴይዝ አጎ» ብሎ የጻፈ ሰው በ1977 የተነሣችውን መንኮራኩር ከዛሬ 16 ቀን በፊት አስነሥቷታል ማለት ነው።

የቃላቱ ቅደም ተከተልም ልብ ሊባል ይገባል። አማርኛ «በ16 ቀን ዘገየች»፣ «በ3 ኪሎ ሜትር ይርቃል» እያለ ልኬቱን በ«በ» ያያይዘዋል። እንግሊዝኛ ልኬቱን ያለ ምንም መስተዋድድ ከማወዳደሪያው ቃል ፊት ያስቀምጠዋል፤ «ሲክስቲን ዴይዝ ሌተር»፣ «ስሪ ኪሎ ሜተርስ ፋርዘር»። የእኛን «በ» ወደ «ባይ» ለውጠው «ባይ ሲክስቲን ዴይዝ ሌተር» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። «ባይ» ቦታ የሚያገኘው ልኬቱ ከማወዳደሪያው ቃል በኋላ ሲመጣ ነው፤ ያም ቢሆን አዘውትሮ የሚሰማው የመጀመሪያው አነጋገር ነው።

ጥያቄ፦ «ሦስት እጥፍ ይርቃል» ለማለት «ስሪ ታይምስ ፋርዘር» ማለት ይቻላል? «ፋርዘር» እና «ፈርዘር»ስ ይለያያሉ?

መልስ፦ «ስሪ ታይምስ ፋርዘር» ይባላል፤ ሆኖም አንዳንዱ አንባቢ ሦስት እጥፍ ብሎ ሲረዳው፣ ሌላው በመጀመሪያው ርቀት ላይ ሦስት እጥፍ ተጨምሮበት አራት እጥፍ ሆነ ብሎ ይረዳዋል። ቁጥር አሻሚ መሆን ስለሌለበት እኔ የምመክረው «ስሪ ታይምስ አዝ ፋር አዝ» የሚለውን ነው። ለምሳሌ ጨረቃ ከመሬት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር፣ ፀሐይ ደግሞ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቁ «ዘ ሰን ኢዝ ኦልሞስት ፎር ሀንድረድ ታይምስ አዝ ፋር አወይ አዝ ዘ ሙን» ይባላል። ለእጥፍ «ትዋይስ»፣ ለግማሽ «ሃፍ» ከመጀመሪያው «አዝ» በፊት ይገባሉ፤ ለጊዜም «ፋር»ን በ«ሎንግ» መተካት ብቻ ይበቃል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ በዕድሜ የሚበልጠው «ፈርዘር» ነው፤ መነሻውም «ፋር» አልነበረም። «ፋርዘር» በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ከእርሱ ተለይቶ የወጣ መልክ ሲሆን፣ ሁለቱ ኋላ ላይ የ«ፋር» ማወዳደሪያ ሆነው ቀሩ። በአሜሪካ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ጸሐፊዎች «ፋርዘር»ን ለሚለካ ርቀት፣ «ፈርዘር»ን «ተጨማሪ» ወይም «ከዚህ በላይ» ለሚል ሐሳብ ይለያሉ። በብሪታንያ «ፈርዘር» ለሁለቱም ይሠራል። ስለዚህ «ፈርዘር» የሚለው ቃል ለርቀት ቢውል ስሕተት አይባልም፤ «ተጨማሪ ማብራሪያ» ለማለት «ፋርዘር» መጻፍ ግን በሁለቱም አገር አንባቢ ዘንድ እንግዳ ነው።