ኢሙሌተር ላይ የሚያልፈው ቴስት ስልክ ላይ ለምን ይወድቃል?

ሰላም እህቴ። የአፒየም (አፕን በራሱ እየነካ የሚፈትሽ መሣሪያ) ቴስቶችሽ ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አስመሳይ ስልክ) ላይ ሁሌ እንደሚያልፉ፣ ሦስቱ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን አንዴ አልፈው አንዴ እንደሚወድቁ ጽፈሻል። ኮዱን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጽፈሽው ለውጥ አላየሽም። እባክሽ ኮዱን ለጊዜው ተይው። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ይህን ሥራ ስሠራ አራት ዓመት ሆኖኛል። እንዲህ አንዴ አልፎ አንዴ የሚወድቅ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ኬብሉን ነው፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ ኮዱን መጨረሻ ላይ።

ከኬብሉ ልጀምር። ገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ኬብሎች ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ አሉ፣ ውስጣቸው የዳታ ሽቦ የለም። ይሄኛው እንኳ ቶሎ ይታወቃል፣ ላፕቶፑ ስልኩን ጨርሶ አያየውማ። የሚያደክመው ዳታ እያለው የላላ ኬብል ነው። እኛ ቢሮ አንዱ ስልክ ላይ ብቻ ቴስቱ በየመሀሉ ይቆም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሎግ (ቴስቱ ሲሄድ የሚመዘገበውን ጽሑፍ) አነበብን። አንድ ቀን ማታ ስልኩን ትኩር ብዬ እያየሁ ተቀምጬ ባልደረባዬ የቡና ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያኔ የስልኩ የቻርጅ ምልክት ብልጭ ብሎ ጠፋና ተመለሰ። ቴስቱም እዚያው ወደቀ። ኬብሉን ቀየርነው፣ ችግሩ ያን ቀን አበቃ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ኬብል ስገዛ መጀመሪያ ትልቅ ፋይል አሳልፌበት፣ ጫፉን ነቅነቅ አድርጌ ሳላየው ለቴስት አልጠቀምበትም። ሦስት ስልክ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ካገናኘሽ ደግሞ የራሱ የኃይል ገመድ ያለው የዩኤስቢ ሀብ (ብዙ ኬብል በአንድ ፖርት የሚያገናኝ ሳጥን) ግዢ። የላፕቶፑ ፖርት ብቻውን ሦስቱን ቻርጅ እያደረገ ዳታም ላስተላልፍ ሲል ይደክማል።

ቀጥሎ ኤዲቢ (ኮምፒውተሩን ከአንድሮይድ ስልክ ጋር የሚያነጋግረው የትእዛዝ መሣሪያ) ስልኩን እንዴት እንደሚያየው ተመልከቺ። ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበሩን ሰባት ጊዜ ነክተሽ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስን እንደከፈትሽ፣ ኮምፒውተሩ ስልኩን በኬብል እንዲያዝ የሚፈቅደውን ዩኤስቢ ዲበጊንግንም እንዳበራሽ እገምታለሁ። «ኤዲቢ ዲቫይስስ» ስትዪ ከስልኩ ቁጥር አጠገብ «ዲቫይስ» የሚል ካልመጣ ወደ አፒየም አትሂጂ። «አንኦቶራይዝድ» ካለ ስልኩ ስክሪን ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ሳጥን እየጠበቀሽ ነው፤ ይህን ኮምፒውተር ሁልጊዜ ፍቀድ የሚለውን ምልክት አድርጊበትና እሺ በዪው። «ኦፍላይን» ካለ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ወይም ሀቡ ነው። ሊኑክስ ላይ ሆነሽ ፈቃድ የለም ካለሽ የዩዴቭ ሕግ (ሊኑክስ ስልኩን እንድትጠቀሚበት የሚፈቅድልሽ የሴቲንግ ፋይል) ይጎድልሻል። ከስልኮችሽ አንዱ ሻኦሚ ከሆነ ደግሞ ዩኤስቢ ዲበጊንግ ብቻ አይበቃም። እዚያው ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ በዩኤስቢ አፕ መጫንን የሚፈቅድ አንድ ማብሪያ፣ ስክሪኑን ከውጭ መንካትን የሚፈቅድ ሌላ ማብሪያ አለ። ሁለቱም መብራት አለባቸው። ብዙ ሞዴሎች ላይ እነሱን ለማብራት በሻኦሚ አካውንት መግባት ግድ ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፣ አንቺንም ያስቸገረሽ ይሄ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አፒየም ሥራ ሲጀምር ስልኩ ላይ የራሱን ረዳት አፖች ይጭናል። አንዱ አፒየም ሴቲንግስ ነው፣ ሌሎቹ የዩአይአውቶሜተር2 ሰርቨርና አስነሺው ናቸው። ቴስትሽ ስክሪኑን የሚነካው በእነሱ በኩል ነው። ኢሙሌተር ላይ ማንም አይነካቸውም። ብዙዎቻችን እጅ ያሉት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሻኦሚ ግን ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራን አፕ የሚዘጋ የራሳቸው አስተዳዳሪ አላቸው። እሱ ሰርቨሩን ሲዘጋው ሎጉ ላይ «ኢንስትሩሜንቴሽን ፕሮሰሱ እየሠራ አይደለም፣ ምናልባት ክራሽ አድርጓል» የሚል መልእክት ታያለሽ። ሰው ይህን አንብቦ የራሱ አፕ የተበላሸ ይመስለዋል። አይደለም። እያንዳንዱ ስልክ ላይ ወደ ባትሪ ሴቲንግ ግቢና ለእነዚህ አፖች ገደቡን አንሺላቸው። አውቶስታርት የሚባል ነገር ካለም ፍቀጂላቸው። የባትሪ ቁጠባውንም ራሱን አጥፊው። የስልኩ ሲስተም አፕዴት ሲደረግ ይህ ሴቲንግ ወደ ነበረበት ሊመለስ ስለሚችል አውቶማቲክ አፕዴትን ዝጊ።

ስልኩ 2 ጊጋ ራም ያለው ዓይነት ከሆነ ሰርቨሩ ለመነሳት ራሱ ጊዜ ይፈጃል። አፒየም በነባሪ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው። እኔ ለደካማ ስልኮች 90 ሰከንድ አደርገዋለሁ፣ የሰርቨሩ መጫኛ ጊዜንም አብሬ እጨምራለሁ። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን ስልክ ከዝርዝርሽ አታውጪው። አፑን የሚጠቀመው ሰው እጅ ላይ ያለው እሱ ነው።

ከዚያ ስልኩን ለሥራ አዘጋጂው። ፒን አይኑረው። ቻርጅ ላይ ሳለ ስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርጊ። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ያሉትን ሦስቱን የአኒሜሽን ቁጥሮች ዜሮ አድርጊያቸው፣ ይሄ ብቻውን ብዙ መውደቅ ይቀንሳል። ሲም ካላስፈለገሽ አውጪው። ሲም ያለበት ስልክ ላይ ጥሪ ይገባል፣ ማስታወቂያ ብቅ ይላል፣ ቴስትሽ ሊነካው የነበረውን ቁልፍ ይሸፍንበታል።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኛ አንዱን ስልክ ሁሌ በአማርኛ ሲስተም እናስኬዳለን፣ ምክንያቱም ቁልፍ ላይ ያለ ጽሑፍ ተቆርጦ የሚታየው እዚያ ነው። ታዲያ አፑ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚወጣውን ሳጥን በእንግሊዝኛ ጽሑፉ የሚፈልግ ቴስት እዚያ ስልክ ላይ ይወድቃል። በጽሑፍ አትፈልጊ፣ በሪሶርስ አይዲው (በቋንቋ በማይቀየረው የቁልፉ መለያ ስም) ፈልጊ። እሱም ቢሆን አሮጌና አዲስ አንድሮይድ ላይ አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ሁለቱንም የሚሞክር አንድ ፈንክሽን ጻፊለት። ወይም አፒየም ፈቃዶቹን አስቀድሞ እንዲሰጥ አድርጊና የፈቃድ ሳጥኑን ለብቻው በአንድ ቴስት ፈትሺው።

አማርኛ መጻፍ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኛ ዋጋ ከፍለንበታል። አፒየም ወደ ሳጥን ውስጥ ጽሑፍ ሲያስገባ በኪቦርዱ በኩል አያልፍም፣ ጽሑፉን በቀጥታ ያስቀምጠዋል። ቴስታችን የስም ሳጥኑ ውስጥ «ሰላም» ብሎ ያስገባል፣ ያልፋል፣ አረንጓዴ ነው። ደንበኞች ግን ስማችንን መጻፍ አቃተን እያሉ ይደውሉ ነበር። በመጨረሻ አንድ ስልክ ይዤ በእጄ ጻፍኩት። የእንግሊዝኛ ፊደል ሲነካ ግዕዝ የሚያወጣ ኪቦርድ ነበር የተጫነው። «ስ» መጣ፣ አናባቢውን ስነካ ወደ «ሰ» መቀየር ሲገባው «ስኧ» ሆኖ ቀረ። የአፑ ኮድ ፊደል በተነካ ቁጥር ጽሑፉን አጽድቶ መልሶ ይጽፈዋል፣ በዚህ መሀል ኪቦርዱ ፊደሉን የማዋሃድ ሥራው ይቋረጥበታል። ይህን ስህተት የትኛውም የአፒየም ቴስታችን ሊያየው አይችልም ነበር። አሁን የኪቦርዱን ቁልፎች በቦታቸው የሚነካ አንድ አጭር ቴስት አለን፣ በተጨማሪም ከእያንዳንዱ ልቀት በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስሙን በእጁ ይጽፋል።

የምትፈትሺው የክፍያ አፕ እንደሆነ ጠቅሰሻል። ስክሪንሾቱ ጥቁር ሆኖ ከመጣ አትደንግጪ፣ አፑ የስክሪኑ ፎቶ እንዳይነሳ ከልክሏል ማለት ነው። አንዳንድ የክፍያ አፕ ደግሞ ዩኤስቢ ዲበጊንግ በርቶ ካየ አልከፈትም ይላል። ሁለቱም ትክክለኛ ጥበቃ ናቸው፣ በጉልበት ለማለፍ አትሞክሪ። ዴቨሎፐሮቹን ጥበቃው የጠፋበት የቴስት ቢልድ (ለፍተሻ ብቻ የተዘጋጀ የአፑ ቅጂ) ጠይቂያቸው፣ በኤስኤምኤስ ለሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥርም በቴስት ሰርቨሩ ላይ ብቻ የሚሠራ ቋሚ ቁጥር ያድርጉልሽ። ጥበቃው መኖሩን ደግሞ በዋናው ቢልድ ላይ በእጅ አረጋግጪ።

ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማስኬድ ስትጀምሪ ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱን ዩዲአይዲ (የስልኩን መለያ ቁጥር) እና የራሱን ሲስተም ፖርት (አፒየም ከስልኩ ጋር የሚነጋገርበትን የኮምፒውተሩን በር ቁጥር) ስጪ። ፖርቱ ከ8200 እስከ 8299 ባለው ውስጥ ይሁን፣ ሁለት ስልክ አንድ ቁጥር እንዳይጋሩ። ከተጋሩ የአንዱ ትእዛዝ ከሌላው ጋር ይጋጫል፣ መውደቁም ምንም ሥርዓት የለውም። አንድ የአፒየም ሰርቨር ለሦስቱም ይበቃል። ኤክስፓዝ (ነገሩን ስክሪኑ አወቃቀር ውስጥ ባለው መንገድ መፈለግ) ደካማ ስልክ ላይ ይንቀረፈፋል፣ አይዲ ባለበት ሁሉ አይዲ ተጠቀሚ። በየመስመሩ ስሊፕ (ዝም ብሎ የተወሰነ ሰከንድ መጠበቅ) ከምትጨምሪም ነገሩ እስኪታይ የሚጠብቅ ዌይት አድርጊ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሀቡ ግን ይጠፋል። ሦስቱም ስልኮች በአንድ ሰከንድ ይቋረጣሉ፣ ጠዋት ስትመጪ ሃምሳ ቀይ ቴስት ይጠብቅሻል። ሀቡንና የዋይፋይ ራውተሩን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ሰኪያቸው። እኛ በተጨማሪ ስክሪፕቱ ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት ስልኩ መኖሩን እንዲጠይቅና ከሌለ «ስልክ ጠፍቷል» ብሎ እንዲመዘግብ አድርገናል። ያ የአፑ ስህተት ተብሎ አይቆጠርም።

ሌት ተቀን ቻርጅ ላይ የሚኖር ስልክ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። በሳምንት አንዴ ጀርባውን በእጅሽ ዳብሺው። ክዳኑ ከፍ ያለ ወይም ስክሪኑ የተነሳ ከመሰለሽ ያንን ስልክ ወዲያው ከኤሌክትሪክ ነቅለሽ ከሥራ አውጪው፣ አትጫኚው፣ አትክፈቺው። እኛ ሥራ በሌለበት ሰዓት ሀቡን የሚያጠፋ የሰዓት ማብሪያ ማጥፊያ ገጥመናል።

አይፎንም ልጨምር ይሆናል ብለሻል። ማክ ያስፈልግሻል፣ ዌብድራይቨርኤጀንት የሚባለውን ረዳት አፕም በአፕል አካውንት መፈረም አለብሽ። በነፃው አካውንት ፊርማው ከ7 ቀን በኋላ ይሞታል፣ የሚከፈልበት በዓመት 99 ዶላር ነው። ከአይኦኤስ 16 ወዲህ ስልኩ ላይ ዴቨሎፐር ሞድ ማብራትም ግድ ሆኗል። አንድሮይዶቹ ሳይረጋጉ ወደዚያ አትግቢ።

ነገ አንዱን ስልክ ብቻ ያዢ። ያልኩሽን ሴቲንግ አስተካክለሽ ያንኑ አንድ ቴስት፣ ኮዱን ሳትነኪ፣ ሃያ ጊዜ ደጋግመሽ አስኪጂው። ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ የስልኩን ሞዴልና የአንድሮይዱን ቁጥር፣ ከወደቀበት ሰዓት አካባቢ ያለውን የአፒየም ሎግ እዚህ ላኪልኝ። ማታ ገብቼ አየዋለሁ።